ደምቢያ፣ ሳኒታሪያኖቹ እና የመገጭ ውሃ

የጤና ኮሌጅ አዲስ አበባ እያለች ለምን ጎንደር ላይ ተከፈተ? መልሱ ደምቢያ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትጣሉኝ።)

በ1953 ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ተነሣ። ወደ 7,000 ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። መንግሥት የሚልከው በቂ ሐኪም አልነበረውም፤ በአገሪቱ የነበሩትም ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ያኔ ፖይንት ፎር የሚባለው የአሜሪካ ርዳታ አገዙ።

ኮሌጁ ባለሙያ የሚያወጣው በቡድን ነበር፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን። ሁለቱን ሁሉም ያነሳቸዋል። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ሦስተኛውን ነው። ሳኒታሪያን መርፌ አይወጋም፣ ኪኒን አይሰጥም። ምንጭ ያጎለብታል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ገበያና ሥጋ ቤት ያያል። እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይለማመድና ከጓዶቹ ጋር ወደ ተመደበበት አገር ይሄዳል።

ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ ሳይንስ አለው። መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩ በታች እንጂ በላይ አይሁን፤ ወለሉ ከርሰ ምድር ውሃውን አይንካ። ለምን ቢሉ ማጣሪያው አፈሩ ራሱ ነው። ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲሰርግ ጀርሙ አፈር ላይ ይያዛል፣ ይሞታል። መብራት የለ፣ ፓምፕ የለ፣ ኬሚካል የለ! ችግሩ ደምቢያ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃው ይተኛል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ይናዳል። ለደጋው የሚሆነው ለሜዳው አይሆንም።

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች 7ቱ ስለ ንጽሕና ነበሩ። የሳኒታሪያኑ ሥራ በየቀበሌው በሴቶች ልጆቻችን እጅ ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማው ልምጣ። የሳኒታሪያኑ ሕግ ባጭሩ ዓይነ ምድርና ውሃ አይገናኙ ነው። በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ደግሞ ሥራው ማገናኘት ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ካገናኘናቸው መለየቱ የኛ ዕዳ ነው። መለየቱ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዝቃጩ ይወርዳል። ቀጥሎ ባክቴሪያዎች የሟሟውን ቆሻሻ ይበሉታል። ሦስተኛው፣ የረቀቀው ደረጃ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ማውጣት ነው። ግቢያችን ያለው ሴፕቲክ ታንክ የመጀመሪያውን ይሠራል፣ ከሁለተኛው ጥቂት። ሦስተኛው ጋ አይደርስም።

ጎንደር ደግሞ ተዳፋት ላይ ናት። ቀሃና አንገረብ ከከተማው የሚወርደውን ይዘው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም በደምቢያ አልፎ ጣና። በ2011 እምቦጭ ጣና ላይ ታየ ሲባል የት ነበር የታየው? መገጭ መግቢያ አካባቢ! እምቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው። ሁሉም ከሽንት ቤት መጣ ማለቴ አይደለም፤ ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ትልቅ ድርሻ አለው። ግን ወባ ለፈጀው ሜዳ ተብሎ ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ፣ ዛሬ ፍሳሿን ወደዚያው ሜዳ መልቀቋ እኔን ያሳፍረኛል።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ የናንተ ከተሞች ገና ፎቅ እየጀመሩ ስለሆነ ጊዜ አላችሁ። ለትንሽ ከተማ ውድ ማሽን የግድ አይደለም። ተከታታይ ኩሬዎች፣ ከዚያ ሸንበቆና ፊላ የተተከለበት ረግረግ፣ ሦስተኛውን ደረጃ በከፊልም ቢሆን ይሠራሉ። ተክሉ ናይትሮጅኑን ይመገበዋል፤ ታጭዶ ካልተወሰደ ግን ሲበሰብስ መልሶ ይለቀዋል። ብርዱም አለ፤ በደባርቅ ብርድ ባክቴሪያው ስለሚዘገይ ኩሬው ሰፋ ማለት አለበት። ቦታው አሁን ካልተከለለ ነገ ቤት ይሠራበታል።

አባቱ ወይ አያቱ ከጎንደር የተመረቀ ሳኒታሪያን የነበረ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የት ተመድበው ነበር? የትኛውን ምንጭ አጎለበቱ? ዛሬስ ይጠጣል?