የፈረስ ስምና የመኪና ሰሌዳ

አባቶቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ እንደ ነበር የምታውቁት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ስሙ የፈረሱ ቢሆንም የጌታውን አሳብ ይናገር ነበር፤ ይህን በል፥ ያንን አትበል የሚል መዝገብ ቤትም አልነበረበትም።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። መኪና እንደ ፈረስ በመልኩ ተለይቶ የሚታወቅ አይደለምና፥ በውጭ አገር አስቀድሞ ምልክት ተፈልጎለት ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1893 የፓሪስ ፖሊስ የባለቤቱ ስምና አድራሻ በሰሌዳ እንዲጻፍ አዘዘ። በ1901 የወጣው የኒውዮርክ ሕግ ደግሞ ባለመኪናው የስሙን መነሻ ፊደላት ራሱ አዘጋጅቶ እንዲሰቅል አደረገ፤ ነገር ግን ፊደላቸው የሚገጥም ሰዎች ብዙ ናቸውና ብዙም ሳይቆይ ቁጥር ተተካበት።

ዛሬ በአሜሪካ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው የመረጠውን ቃል በሰሌዳው ያስጽፋል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ስድብና ነውር ያለበትን ይከለክላል። ከዚህም የተነሣ «በሰሌዳ ላይ የሚናገረው ማን ነው?» የሚል ክርክር መጣ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 ዜጋው የማያምንበትን የመንግሥት መፈክር በሰሌዳው እንዲያሳይ አይገደድም አለ፤ በ2015 ደግሞ በቴክሳስ ጉዳይ፥ ልዩ የሰሌዳ ንድፍ የመንግሥት ንግግር ስለ ሆነ መንግሥት ሊከለክለው ይችላል ሲል ፈረደ።

በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 681/2002 በተደነገገው ሥርዓት የሰሌዳውን ቃል የሚመርጠው መንግሥት ነው። የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደርና ከባሕር ዳር መንገድ በሚገናኝባት በወረታ ቆሞ የፎገራን ሩዝ የጫኑትን መኪናዎች የተመለከተ ሰው፥ «አማ»፥ «አአ»፥ «ኢት» የሚሉትን ፊደላት ለብዙ ዓመታት ሲያነብ ኖሯል። ኮድ 1 ለታክሲ፥ 2 ለግል፥ 3 ለንግድ፥ 4 ለመንግሥት ነበረ። የክልሉ ፊደል መኪናው የተመዘገበበትን ስፍራ እንጂ የነጂውን ትውልድ አይናገርም፤ ሁከት በበዛበት ጊዜ ግን እንደ ዘር ምልክት የሚያነበው ተገኘ። ነጂውም ባልመረጠው ቃል ሰጋ። በ2018 ዓ.ም. የክልል ስም የማይጻፍበት አዲስ ሰሌዳ ይፋ መሆኑ ይህን ሥጋት የሚያቀል ነው።

ባለመኪናው የራሱን ቃል መናገር ቢሻ፥ የባጃጁና የጭነት መኪናው ጀርባ በጥቅስ ተሞልቶ እንደምናየው፥ ስፍራ አላጣም፤ ካልወደደውም ይፍቀዋል። የሰሌዳውን ቃል ግን ሊፍቀው አይችልም። ስለዚህ ሰሌዳን የሚጽፍ እጅ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።