ወረርሽኝና የሴቶች ሥራ፦ ከኅዳር 1911 እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም.

መላውን ዓለም ካዳረሱት ወረርሽኞች መካከል ሁለቱ በአንድ መቶ ዓመት ያህል ተራርቀው ኢትዮጵያን አጥቅተዋል። አንደኛው በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የተገለጸበት የኮሮና በሽታ ነው። የሴቶች የሥራ ታሪክ በመካከሉ ምን ያህል እንደተራመደና በምን ላይ እንደቆመ ለመገንዘብ፣ ሁለቱን ጊዜያት ማነጻጸር ይጠቅማል።

በ1911 ዓ.ም. ደመወዝ ተቆርጦላት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ማግኘት እጅግ አዳጋች ነበር። ለልጃገረዶች የታሰበው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው ዘግይቶ በ1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ክፉ ወራት ሕመምተኛ ማስታመም፣ ውኃ መቅዳት፣ እህል ፈጭቶ ማብሰል የሴቶች ድርሻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ግዴታ ተባለ እንጂ ሥራ ተብሎ በመዝገብ አልሰፈረም። ስለዚህ ወረርሽኙ የብዙ ሴቶችን ሕይወት ቀጠፈ እንጂ የሥራ ቦታ አላሳጣቸውም፤ ያልነበራቸውን ሊያሳጣቸው አይችልምና።

በ2012 ዓ.ም. ሁኔታው ተለውጦ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በደመወዝ ተመድበዋል፤ ቍጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ደርሷል። እንደ ኩልመስክ ባሉት የላስታ አካባቢዎች፣ መንደር ከመንደር በገደልና በሸለቆ በሚለያይበት ደጋ፣ ለገበሬው ቤት ቅርብ የሆነችው የመንግሥት የጤና ሠራተኛ ይህችው ሴት ናት። የበሽታውን ምልክትና መከላከያውን ቤት ለቤት የማስረዳቱ ኀላፊነት የወደቀውም በእርሷ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ከደመወዙ ሥራ በተጨማሪ የጥንቱ ግዴታ አልቀረላትም። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲዘጉ ሲታዘዝ፣ ልጆችን ቀኑን ሙሉ የመጠበቁ ሥራ ይበልጡን ወደ እናቶች ተመለሰ። እጅን ደጋግሞ መታጠብ ሲታዘዝም፣ ቧንቧ በሌለበት ቤት ውኃውን ከምንጭ በጀርባዋ የምታመጣው ያችው ሴት ናት።

በላሊበላ ደግሞ ጕዳቱ በገቢ ላይ ታየ። የከተማይቱ ኑሮ በአብዛኛው የተመሠረተው በጎብኚዎች ነው። የውጭ አገር መንገደኛ በቆመ ጊዜ፣ በሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ ቡና የምታፈላው፣ ጠላና ጠጅ የምትሸጠው፣ ጥጥ የምትፈትለው ሴት አብራ ሥራ ፈታች። ጕብኝቱ ሳያገግምም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ደረሰ፤ በሰሜን ወሎም ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ቀጣሪ ያላትን ሴት እንጂ በጓዳዋ ጠላ ጠምቃ የምታድረውን አይደለም።

ችግሩ የላስታ ብቻ አልነበረም። የዓለም ሥራ ድርጅት እንዳመለከተው፣ ከፈረንጆቹ 2019 እስከ 2020 በዓለም የሴቶች ቅጥር በ4.2 በመቶ ሲቀንስ፣ የወንዶች በ3 በመቶ ቀንሷል። በጤናው መስክም ከሠራተኞቹ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ፣ በአመራር ቦታ የተቀመጡት ከአራት አንድ ያህል ብቻ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ከወረርሽኙ አስቀድሞ ገልጾ ነበር።

እንግዲህ በመቶው ዓመት ውስጥ ሴቶች ወደ ደመወዝ መዝገብ ገብተዋል፤ የቤቱ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ከመዝገብ ውጭ ነው። አደጋ በመጣ ቍጥር አስቀድሞ የሚጨምረውም ይኸው ያልተመዘገበው ነው። ስለሆነም የሥራ እኩልነትን በየመሥሪያ ቤቱ በተቀጠሩት ሴቶች ቍጥር ብቻ መለካት አይበቃም። ለሕፃናት ማዋያ፣ ለውኃ አቅርቦትና ከቅጥር ውጭ ላሉት ዋስትና ካልታሰበ፣ የሚቀጥለውም ወረርሽኝ ሸክሙን በዚያው ጫንቃ ላይ ያሳርፋል።