ንዑስ መኪና፦ ለባለ ሦስት እግሩ የኤሌክትሪክ መኪና የሚስማማ ስም

በእንግሊዝኛ «ማይክሮካር» የሚባለው አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያና በር ያለው፣ ከቤት ወደ ሥራ ከሥራ ወደ ቤት ለመመላለስ የተሠራ ትንሽ የከተማ መኪና ነው። ከእነዚህ መካከል በባትሪ የሚሄዱት ባለ ሦስት እግሮች በአማርኛ የረጋ ስም ገና አላገኙም። ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ኤሌክትሪክ ባጃጅ» ነው፤ እኔ ግን «ንዑስ መኪና» እንድንላቸው እሟገታለሁ። ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ በፕላስቲክ የታሸገ ውኃ ሁሉ ሃይላንድ እንደተባለው፣ የአንድ ፋብሪካ ስም የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ቅር አይለኝም። ችግሩ ስሙ ዛሬ የራሱ የሆነ ሙሉ ትርጉም መያዙ ነው፤ ሾፌሩ ከፊት፣ ተሳፋሪው ከኋላ፣ ጎኑ በሸራ የተጋረደ፣ በመስመር እየተመላለሰ ሒሳብ የሚቀበል የሕዝብ ማመላለሻ። አዲሱ ተሽከርካሪ ግን ባለቤቱ ራሱ የሚነዳው የቤት መኪና ነው። በባጃጅ ስም ከተመዘገበ የባጃጅ መስመርና የባጃጅ ደንብ ተከትለውት መምጣታቸው አይቀርም።

ስሙ የጎማውን ቁጥር ትቶ መጠኑን እንዲይዝ የምፈልገው የጥቅሙ ምንጭ መጠኑ ስለሆነ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2013 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ያቀረበውን፣ በቀጣዩ ዓመትም በፈረንሳይዋ ግረኖብል ከተማ ለሙከራ ያሰማራውን አይ-ሮድ እንመልከት። ሁለት ሰዎች ፊትና ኋላ ሆነው ይቀመጡበታል። ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ክብደቱ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን አንዴ ቻርጅ ከተደረገ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 50 ኪሎ ሜትር አገር ለማቋረጥ አይበቃም፤ ለአብዛኛው የከተማ ሰው የቀን ምልልስ ግን ይተርፋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ የቤት መኪኖች ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናሉ። 70 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰው ቢሮው ለማድረስ ይህን ሁሉ ብረት ማንቀሳቀስ ማለት ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ከሞላ ጎደል መኪናውን ራሱን ሲሸከም ያልቃል ማለት ነው። ነገሩ ደግሞ የጥቂቶች አይደለም። በአሜሪካ ከኮቪድ በፊት ከአራት ሠራተኞች ሦስቱ ያህል ወደ ሥራ የሚሄዱት መኪናቸው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ነበር።

ጎማው ሦስት የሆነው ክብደትና ወጪ ለመቀነስ፣ በከፊልም በሕግ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ባለ ሦስት ጎማን ከሞተር ሳይክል ጋር ስለሚመድበው አውቶሞቢል የሚያልፍበትን የግጭት ፈተና እንዲያልፍ አያስገድደውም። ይህ አምራቹን ይጠቅማል፤ ተሳፋሪውን ግን ስጋት ላይ ይጥላል። «ይገለበጣል» የሚለው ተቃውሞም መሠረት አለው። ጎማው ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ሲሆን፣ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም። ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ሲሆኑ ግን ያ ክብደት የሚያርፍበት ያገኛል። አይ-ሮድ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ ፍጥነቱንና የመሪውን አቅጣጫ እያነበበ አንዱን የፊት ጎማ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርግና መኪናው ወደ መታጠፊያው ውስጥ እንዲያዘነብል ያደርገዋል። መሪው የሚያዞረው ደግሞ የኋላውን ጎማ ነው። ስለዚህ መገልበጥ መሐንዲሱ ሊፈታው የሚችል ጉዳይ ነው። ግጭት ግን እንዲህ አይፈታም። 300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከሲኖትራክ ጋር ቢጋጭ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ የንዑስ መኪና ቦታ ፍጥነት የተገደበበት የከተማ መንገድ እንጂ ፈጣን መንገድ አይደለም።

«ተሞክሮ የከሸፈ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። እንግሊዛዊው የፈጠራ ሰው ሰር ክላይቭ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በጥር 1985 በብሪታንያ ያወጣው፣ ሲ5 የተባለው ባለ ሦስት ጎማ የባትሪ ተሽከርካሪ ዋጋው 399 ፓውንድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ምርቱ ቆመ። ጣሪያ አልነበረውም፤ ለገበያ የቀረበውም በክረምት ብርድ ነው። ነጂው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ስለሚቀመጥ ከጭነት መኪና ላይ ሆኖ እሱን ማየት ያስቸግር ነበር፤ ዳገት ሲሆን ደግሞ ፔዳል መርገጥ ነበረበት። እኔ ባቀረብኩት ትርጉም ሲ5 በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት እንጂ ንዑስ መኪና አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንድ የካናዳ ኩባንያ የሠራው፣ ሶሎ የተባለው ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ነው። እየተነዳ ሳለ ድንገት ኃይል ስለሚያጣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተሸጡት ከ400 በላይ መኪኖች እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ፤ ኩባንያውም ከደንበኞቹ መልሶ ለመግዛት ተገደደ። ይህ ከባድ ውድቀት ነው፤ ግን የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ እንጂ የመጠኑ ወይም የጎማው ውድቀት አይደለም።

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነች ወዲህ ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ሆኗል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ይመነጫል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ አየር የነዳጅ ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስፈልገው አይደክምም። ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወርድም ፍሬኑ ከኃይሉ የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል። «ለሕዝቡ የሚያስፈልገው አውቶቡስ ነው» ለሚሉት ልክ ናችሁ እላለሁ፤ ንዑስ መኪና የአውቶቡስን ቦታ ሊወስድ አይገባም። የሚተካው አንድ ሰው ብቻ ይዞ የሚሄደውን ትልቅ መኪና ነው። «ንዑስ የመጽሐፍ ቃል ነው» ለሚሉ ደግሞ፣ ንዑስ ኮሚቴ የማያውቅ የቀበሌ ስብሰባ የለም እላለሁ። «ትንሽ መኪና» እንዳንለው ይህ ስም አስቀድሞ ለተራው አውቶሞቢል ተሰጥቷል። ስለ ተሽከርካሪ ምደባ ደንብ የምታረቅቁ ሁሉ፣ ንዑስ መኪናን ከባጃጅ ለይታችሁ የራሱን አንቀጽ ስጡት፤ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት እንዲሆኑ፣ የደኅንነት ቀበቶና የግጭት ፈተናም ግዴታ እንዲሆኑበት አድርጉ።