የነጻው ፊደል ባለዕዳዎች

እ.ኤ.አ. በ2004 ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም በማይርቅ ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ የጻፍሁት አንድ ኢሜይል ዛሬም ያሳፍረኛል። በነጻ የተለቀቀ የዩኒኮድ ፎንት አውርጄ ስሞክረው የ«ቿ» እግር ከቀጣዩ ፊደል ጋር ተጋጨብኝ። ለአዘጋጁ «ይህ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይስተካከል ቀረ? መቼስ ነው የሚስተካከለው?» ስል ጻፍሁለት። ልብ በሉ፤ አንዲት ሳንቲም አልከፈልሁበትም። ከሦስት ቀን በኋላ ትሕትና የተሞላ መልስ መጣልኝ። ፎንቱን የሚሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንደሆነ ገልጾ፣ የሚጋጩትን ፊደላት ዘርዝሬ እንድልክለት ለመነኝ። አልላክሁም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ገርጂ አንድ ካፌ ውስጥ የሰማሁት ጨዋታ ነው። ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስለ አንድ ነጻ የአማርኛ መሣሪያ እያማረሩ፣ ሠሪዎቹን ደመወዝ ተቀብለው እንደለገሙ ሠራተኞች ይወቅሷቸው ነበር።

ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር የገባው በአዋጅ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገር ቤትም በውጭም የነበሩ ባለሙያዎች የየራሳቸውን ፕሮግራም ሠሩ፤ ከፊሉ ለንግድ፣ ከፊሉ ለፍቅር። ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን የቁጥር መለያ ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዙን በላቲን ፊደል ለመወከል «ሴራ» የተሰኘ ሥርዓት የነደፉት በዚያ ዘመን ነው። (ስሙ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው፤ አድማ የሚሸት እንዳይመስላችሁ።) በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶችን ያዘ።

ይሁን እንጂ መለያ ቁጥር ማግኘት ብቻውን ፊደሉን በስክሪን ላይ አያሳይም። ማይክሮሶፍት «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት እኔን መሰል ተጠቃሚ የተሻገራቸው ማንም ሳይከፍላቸው በሌሊት በሠሩ ሰዎች ፎንት ነው። ያ የእኔ ኢሜይል የደረሰው ከእነርሱ ለአንዱ ነበር።

ብዙዎች ይህን ሥራ ደቦ ይሉታል። እኔ አልስማማም። በደቦ ባለ እርሻው ጠላውንና እንጀራውን ያቀርባል፤ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረም አገር ያውቃል፤ ዛሬ የታረደለት ነገ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ይመጣል። በነጻ ሶፍትዌር ግን ያወረደው አይታወቅም፤ የቀረም አይታማም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከሃያ ዓመት በኋላም በ15 ሺህ ያህል መጣጥፎች መቆሙን የሚወቅሱ እልፍ ናቸው፤ አንድ መጣጥፍ የጻፉት ግን በጣት ይቆጠራሉ።

ይህ ሸክም የእኛ ብቻ አይደለም። «ኤክስዜድ» የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለብቻው ሲጠብቅ የኖረው ላሴ ኮሊን በ2022 የማያውቃቸው ሰዎች «ዘገየህ» እያሉ ሲጎተጉቱት፣ ሥራው የማይከፈልበት መሆኑን፣ የአእምሮ ጤናውም እንደተጎዳ ጽፎ ነበር። ኃላፊነቱን ቀስ በቀስ የተጋራው «ረዳት» በምስጢር የጠለፋ በር ማስገባቱ የተደረሰበት በማርች 2024 ነው። ጎትጓቾቹም የዚያው ሴራ አካል እንደነበሩ ይጠረጠራል። (ይህኛውስ በእርግጥ ሴራ ነው።)

ለአዲስ መጪውም ግን ጠበቃ ልሁን። ያኔ በቦሌ ኢንተርኔት የሚከፈለው በደቂቃ ነበር፤ ፎንቱ ግማሽ ወርዶ መስመሩ ይቋረጣል፤ መመሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ኮዱ ክፍት ነው፤ ራስህ አስተካክለው» ብሎ መመለስ፣ በሩን ከፍቶ ደረጃውን እንደ ማንሳት ነው። እንዲያ ብለው የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች አጋጥመውኛል። የእኔው ሰው ግን እንዲያ አላለኝም፤ የለመነኝ የፊደላት ዝርዝር ብቻ ነበር፤ ሩብ ሰዓትም አይወስድ።

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አዲሱን ቅጂ አወረድሁ። «ቿ» ተስተካክሏል። ከፋይሉ ጋር በተያያዘው ጽሑፍ ስሕተቶችን ዘርዝረው የላኩ ሰዎች ተመስግነዋል። ሰባት ስም ቆጠርሁ።