የአንድ ፋይል ሁለት ስም
ኮምፒዩተር የሙዚቃ ፋይል ሲፈልግ ስለሚያሳየው ስም አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በአገራችን ክርስቲያን የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለው። አንደኛው ወላጆቹ ያወጡለትና ጎረቤት የሚጠራው ስም ነው፤ ሁለተኛው በጥምቀት የተቀበለው የክርስትና ስም ነው። እንግዳ ሰው ወደ ሰፈር መጥቶ በክርስትና ስሙ ቢጠይቅ፥ ሰውየው በዚያው እያለ የሚያውቀው ላይገኝ ይችላል። በኮምፒዩተር የተቀመጠ የሙዚቃ ፋይልም እንደዚሁ ሁለት ስም ይዞ ይኖራል። የውጭ ስሙ በፎልደር ውስጥ የሚታየው የፋይሉ ስም ነው። የውስጥ ስሙ ግን በፋይሉ አካል ውስጥ፥ ታግ በሚባለው ክፍል የተጻፈው የዘፈኑ ርእስና የዘፋኙ ስም ነው።

የዚህ ጥናት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰው አንድ ዘፈን ሲፈልግ በዝርዝሩ ላይ የሚወጣለት ስም ከሁለቱ የትኛው ነው? ያንንስ ስም የጻፈው ማን ነው? ነገሩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስሙ ያልታየ ፋይል አይገኝም፤ ያልተገኘ ፋይልም ከጠፋው ብዙ አይለይም። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

1. ስም ያልነበረው ሲዲ

የታሪኩ መነሻ ሲዲ ነው። የሶኒና የፊሊፕስ ኩባንያዎች በ1980 በተስማሙበት ደንብ መሠረት ተሠርቶ በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ፥ ድምፁንና እያንዳንዱ ዘፈን የሚጀምርበትን ጊዜ ይይዛል እንጂ የዘፈኑም የዘፋኙም ስም አልነበረበትም። ስሙ የታተመው በሽፋኑ ወረቀት ላይ ነበር። ስም ለመያዝ የሚችለው ሲዲ ቴክስት የተባለው ማሻሻያ የወጣው በ1996 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሲዲ ታትሞ ተሸጧል።

ስለዚህ ሲዲ በኮምፒዩተር ማድመጥ በተጀመረ ጊዜ የሚታየው ነገር «ትራክ 1»፥ «ትራክ 2» ብቻ ሆነ። ይህን ጕድለት ለመሙላት በ1990ዎቹ ቲ ካንና ስቲቭ ሸርፍ ሲዲዲቢ የተባለውን መዝገብ አቋቋሙ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከዘፈኖቹ መጀመሪያ ጊዜና ከሲዲው ጠቅላላ ርዝመት አንድ መለያ ቍጥር ያወጣል፤ በዚያም ቍጥር በኢንተርኔት መዝገቡን ጠይቆ ስሞቹን ይቀበላል። ስሞቹን በመዝገቡ ያስገቡት በየአገሩ ያሉ አድማጮች ነበሩ። አንዱ በጥንቃቄ ይጽፋል፤ ሌላው ይገድፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ልዩ ልዩ ሲዲዎች በአንድ መለያ ቍጥር ይገናኛሉ። ከዚህ የምንረዳው፥ የውስጥ ስም ከመነሻው የዘፋኙ ወይም የአሳታሚው ጽሑፍ ሳይሆን፥ ብዙ ጊዜ የአንድ የማይታወቅ አድማጭ ጽሑፍ መሆኑን ነው።

2. አንድ መቶ ሃያ ስምንት ባይት

በጀርመን አገር በኤርላንገን በሚገኘው በፍራውንሆፈር ተቋም፥ እነ ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ የደከሙበት የድምፅ ማሳነሻ ዘዴ በ1993 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ ታተመ። «ኤምፒ3» የሚለው የፋይል ቅጥያ የተመረጠው ግን በሐምሌ 1995 ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዊንዶውስ 95 ወጣ። በቀድሞው ዶስ የፋይል ስም ከ8 ፊደልና ከ3 ፊደል ቅጥያ ሊያልፍ አይችልም ነበር፤ በአዲሱ ግን እስከ 255 ፊደል መጻፍ ተፈቀደ። የዘፋኙን፥ የአልበሙንና የዘፈኑን ስም በውጭ ስም ላይ አንድ ላይ መደርደር የተቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የውስጥ ስም የሚጻፍበትን አይዲ3 የተባለውን ታግ አስጀመረ። ታጉ በፋይሉ ጅራት ላይ የተቀጠለ 128 ባይት ነው። ሦስቱ ባይት ታግ መሆኑን ያመለክታሉ፤ ለርእስ 30፥ ለዘፋኝ 30፥ ለአልበም 30፥ ለዓመት 4፥ ለማስታወሻ 30፥ ለዘፈኑ ዐይነት 1 ባይት ተመደበ። የዘፈኑ ዐይነት በቍጥር የሚመረጥ ሲሆን በመጀመሪያው ዝርዝር 80 ዐይነቶች ነበሩ። በዚያ ዝርዝር ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ የሚባል የለም፤ ለእንደዚህ ያለው ዘፈን የቀረበለት ቦታ ቍጥር 48፥ ማለት «ኤትኒክ» የሚለው ነበር።

ሠላሳ ባይት የሚጠብ ስለ ሆነ፥ በ1998 ማርቲን ኒልሶንና ባልደረቦቹ ሁለተኛውን አይዲ3 አወጡ። ይህኛው በፋይሉ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ረጅም ስምም ይይዛል። ይሁን እንጂ አሮጌው ከጅራቱ ስላልተነሣ፥ አንድ ፋይል በራሱ አንድ ስም፥ በጅራቱ ሌላ ስም፥ በውጩም ሦስተኛ ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው የከፈተው ፕሮግራም ነው።

3. በውጭ ስም የተደረገ ክርክር

በሰኔ 1999 ሾን ፋኒንግ የጀመረው ናፕስተር፥ ሰዎች ከየኮምፒዩተራቸው ዘፈን እንዲለዋወጡ የሚያስችል ነበር። በየካቲት 2001 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር እንደ ገለጸው፥ ናፕስተር የሚፈልገው በፋይሎቹ የውጭ ስም ነው፤ ፋይሉ ትክክለኛ ኤምፒ3 መሆኑን ከማየት በቀር ውስጡን አያነብም፤ ስሙንም የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው።

ይህ የአሠራር ነገር ከፍርዱ በኋላ ታላቅ ውጤት አስከተለ። በመጋቢት ወር ኩባንያው የተከለከሉትን ዘፈኖች ከዝርዝሩ እንዲያስወጣ በታዘዘ ጊዜ ማጣሪያው የተሠራው በስም ላይ ነበር። ተጠቃሚዎችም የዘፋኙን ስም ፊደል እያዛቡ መጻፍ ጀመሩ፤ ዘፈኑ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ተለውጦ ማጣሪያውን አለፈ። ናፕስተር በሐምሌ 2001 የፋይል ልውውጡን አቆመ። ስም የነገሩ ምልክት እንጂ ነገሩ ራሱ አለመሆኑ በዚህ በግልጽ ታየ።

4. የሚያታልል ስም

የሚታየው ስም ሊያታልል እንደሚችል ከዚያም በፊት፥ በግንቦት 2000፥ ዓለም ሁሉ አይቶት ነበር። ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በኢሜይል የተሰራጨው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ፥ ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን የፋይል ቅጥያዎች የመደበቅ ልማዱን ተጠቀመበት። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የኤምፒ3 ፋይል ሲያገኝ ዋናውን ይሰውረዋል፤ በዚያውም ስም መጨረሻው ላይ ሌላ ቅጥያ ጨምሮ ራሱን ያስቀምጣል። የመጨረሻው ቅጥያ ስለማይታይ ባለቤቱ የሚያየው የዘፈኑን ስም ብቻ ነው። የሚወደውን ዘፈን ከፈትሁ ሲል ቫይረሱን ከፈተ ማለት ነው።

5. የውስጥ ስም ወደ ፊት መምጣት

በ1997 የወጣው ዊናምፕ የተባለው ማጫወቻ በዝርዝሩ ላይ በውጭ ስም ፈንታ ከታጉ ያገኘውን ዘፋኝና ርእስ ያሳይ ነበር። አፕል በ2001 ያወጣው አይፖድ ደግሞ ነገሩን ወደ ጫፍ አደረሰው። በኋላ በመጡት አይፖዶች ውስጥ ዘፈኖቹ ትርጉም በሌላቸው አራት ፊደሎች ተሰይመው በተሰወረ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ባለቤቱ የሚያየው በመዝገቡ የሰፈረውን የውስጥ ስም ብቻ ነው። ያ መዝገብ ቢበላሽ፥ ዘፈኖቹ ሳይጠፉ የቱ የቱ እንደ ሆነ በውጭ ስማቸው ለማወቅ አይቻልም።

ሁለቱን ስሞች በአንድ ፍለጋ የማገናኘቱ አሳብ ቀድሞ የተሞከረው ቢኦኤስ በተባለው ሥርዐት ነው። ዶሚኒክ ጃምፓኦሎ ከባልደረባው ጋር በ1996 እና በ1997 የሠራው የፋይል አደራጀት፥ ዘፋኝን፥ አልበምንና ርእስን እንደ ፋይሉ ጠባዮች መዝግቦ በእነርሱ መፈለግን ያስችል ነበር። ይኸው ባለሙያ ወደ አፕል ተዛውሮ ከስፖትላይት ሠሪዎች አንዱ ሆነ። በሚያዝያ 2005 የወጣው ስፖትላይት የፋይሎችን ውስጥ አስቀድሞ እያነበበ ማውጫ ያዘጋጃል። አፕል ለፕሮግራም ሠሪዎች ባወጣው ዝርዝር ውስጥም የፋይሉ ስም፥ ለተመልካች የሚታየው ስምና ርእሱ በሦስት የተለያዩ መጠሪያዎች ተለይተዋል። ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 በሙዚቃ ፎልደር የፋይሉን ስምና ርእሱን በየዐምዱ ማሳየት ይችል ነበር። በአንድሮይድ ስልክ መዝገብ ደግሞ የሚታየው ስምና ርእሱ ለየብቻ ይሰፍራሉ። እንግዲህ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ስሞች አንድ ማድረግ እንደማይቻል ተቀብለዋል ማለት ነው።

6. የኛ ፊደልና የኛ ስም

ይህ ታሪክ ለአማርኛ ዘፈን ልዩ ትርጉም አለው። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በመስከረም 1999፥ ማለት ከመጀመሪያው አይዲ3 ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፎንት ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቍጥሮች ላይ በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለ ነበር፥ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ርእስ በፍለጋ ዝርዝር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል።

በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የ30 ባይቱ ቦታ የሚይዘው 10 ፊደል ብቻ ነው። የድምፃዊው የምኒልክ ወስናቸው ስም 9 ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ስላለው 28 ባይት ይሆናል፤ በቀረው ቦታ አንድ ፊደል እንኳ አይጨመርም።

ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተር ሰ እና ሠን፥ አ እና ዐን፥ ጸ እና ፀን እንደ ልዩ ልዩ ፊደል ይቈጥራቸዋል። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው የፈለገ፥ ፕሮግራሙ ለዚህ ካልተዘጋጀ አያገኘውም። በላቲን ፊደል ቢጻፍም ችግሩ አይቃለልም። በ1998 በፈረንሳይ በወጣው የኢትዮፒክስ 4ኛ አልበም የሙላቱ አስታጥቄ የአባት ስም በ«ኪው» ፊደል ተጽፏል፤ በሌሎች አልበሞቹ ግን በ«ኬ» ነው። የሰውን ስም በመጨረሻው ቃል መደርደር የለመደ ደግሞ «ገሠሠ፣ ጥላሁን» ብሎ ያስገባና፥ ዘፋኙን ትቶ አባቱን ርእስ ያደርገዋል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ በፍለጋ ዝርዝር ላይ የሚታየው ስም በማሽኑ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ አንድ ሰው የጻፈውና አንድ ፕሮግራም የመረጠው ነው። ዛሬ አሮጌ ሸክላና ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሰው ሁሉ፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ ስም አውጪ ሆኗል። ስለዚህ በኛ አሳብ የውስጡ ስም በዩኒኮድና በሙሉ ይጻፍ፤ የዘፋኙ ስም በአገራችን ልማድ የራሱ ስም ቀድሞ ይቀመጥ፤ ሌሎቹ አጻጻፎች በማስታወሻው ክፍል ይግቡ፤ የውጭ ስሙም ከውስጡ ጋር ይስማማ። ይህ ለአንድ ዘፈን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሥራው ከተዘለለ ግን ዘፈኑ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ሳለ «ትራክ 1» ከተባሉት ብዙዎች አንዱ ሆኖ ይቀራል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውም ተመራማሪ ሊጠይቅበት የሚችል ስም አያገኝም።