የእርስ በርስ ድጋፍ (የጡት ካንሰር)

የእርስ በርስ ድጋፍ በጡት ካንሰር ሕክምና ያለፉ ሴቶች ለቀዶ ጥገና ለሚዘጋጁ ወይም ከቀዶ ጥገና በማገገም ላይ ላሉ ሴቶች የሚሰጡት ምክርና ማበረታቻ ነው። የሐኪምን ሥራ አይተካም።

ታሪክ፦ ቀደምት ከሚባሉት የተደራጁ አገልግሎቶች አንዱን፣ «ሪች ቱ ሪከቨሪ»ን፣ ቴሬዝ ላሰር የራሷ ጡት በቀዶ ጥገና ከተወገደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ጀመረችው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ ታካሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል።

በምዕራብ ሸዋ፦ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የባኮ ታካሚዎች አዲስ አበባ መመላለስ ግድ ሆኖባቸው ቆይቷል። ድጋፍ ፈላጊዋ ቀድማ ከታከመች ሴት ጋር እንዲያገናኟት ነርሶችን ወይም የሶሳይቲውን ማረፊያ ሠራተኞች መጠየቅ ትችላለች፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ አጋር ማግኘት በተለይ ይረዳል።

ይዘት፦ ከቀዶ ጥገና በፊት ወሬው ስለ ማደንዘዣ፣ ስለ አስታማሚና ስለ ወጪ ነው። በኋላ ደግሞ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ አያያዝ፣ ጣትን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ በማንፏቀቅ ክንድን ማፍታታት፣ በጡት መያዣ ውስጥ የታጠፈ ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ፣ ጀሪካን ማንሳትን ለጊዜው ለሌላ መተው ይነሳሉ። የክንድ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የቁስል መቅላት ሲታይ ግን ምክሩ አንድ ነው፦ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ።