የፋራስ ሥዕሎች፦ ከአሸዋ ጕብታ እስከ ካርቱም ቤተ መዘክር

በካርቱም ከተማ፥ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት አጠገብ የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል። ቤቱ የተከፈተው በ1971 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የሥዕል ትርኢት ማለት ሥዕልን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሰውን መጥራት ብቻ የሚመስለው ቢኖር፥ በዚያ ቤት የታዩት የፋራስ ሥዕሎች እንዴት እንደ ደረሱ ቢሰማ ሐሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም።

ፋራስ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ፥ በዓባይ ምዕራብ ዳር የነበረች የክርስቲያን ኖባድያ ዋና ከተማና የጳጳስ መንበር ናት። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲታሰብ አገሩ በሙሉ እንደሚሰጥም ስለ ታወቀ፥ ዩኔስኮ በ1960 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት የእርዳታ ጥሪ አቀረበ። ግድቡ ያቆመው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልብ ይሏል። ጥሪውን ከተቀበሉት አንዱ የፖላንዱ ሊቅ ካዚሜዥ ሚካዎፍስኪ ነበሩ። ከ1961 እስከ 1964 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ጕብታ ቢያስቈፍሩ፥ ውስጡ በአሸዋ የተሞላ ካቴድራል ተገኘ፤ በግድግዳዎቹም ላይ ከ8ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት የተሣሉ ከ120 የሚበልጡ ሥዕሎች ታዩ።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። ሥዕሎቹ የተሣሉት በደረቅ ልስን ላይ ነውና ቀለሙ በእጅ ቢነካ ይረግፋል፤ የውሃው መምጫ ቀን ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሰምንና የጥድ ሙጫን አቅልጠው ስስ የጃፓን ወረቀት በሥዕሉ ፊት ላይ ለጠፉ፤ ሰሙም ወደ ቀለሙ እንዲሰርግ በጋለ ካውያ ተጫኑት። ከዚያ በኋላ ልስኑን ከጡቡና ከድንጋዩ በመጋዝ ለይተው፥ ሥዕሉን በፊቱ እንደ ተሸፈነ በሳንቃ ላይ አስተኙትና በሣጥን አኖሩት። ሰሙን ከቀለሙ መልሶ ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ ያዳነው መድኃኒት እንደ ገና ሌላ መድኃኒት አስፈለገው።

በብዙ ስፍራ አንዱ ልስን በሌላው ላይ ተደርቦ፥ ሥዕል በሥዕል ተሸፍኖ ነበር። የላይኛው ካልተነሣ የታችኛው አይታይም፤ ነገር ግን የላይኛውን የሚያነሣ እጅ ሁለቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ይህን የሚወስነው ሠዓሊም አይደለም፥ የኬሚስትሪ ዐዋቂም ለብቻው አይደለም፤ ሁለቱ ተማክረው ነው። ዘመናቱን ለመለየትም በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተጻፈው የ27 ጳጳሳት ስም ዝርዝር እጅግ ጠቀመ፤ ጳጳሱ በመንበሩ የቈየበትን ዘመን ይናገራልና፥ መልኩ የተሣለለት ጳጳስ ሲገኝ የሥዕሉም ዘመን ተገኘ።

ሥዕሎቹ ለሁለት ተከፈሉ። በጣቷ አፏን የነካችው ቅድስት ሐና ወደ ዋርሶ ሄደች፤ በዚያም የፋራስ አዳራሽ በ1972 ዓ.ም. ተከፈተ። ሰፊው የልደት ሥዕልና በእቶን እሳት መካከል የቆሙት ሠለስቱ ደቂቅ ለካርቱም ደረሱ። ዐይናቸው ጐልቶ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ የመለሱት እነዚህ ቅዱሳን፥ የጎንደርንና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ላየ ሰው ባዕድ አይመስሉትም። የቡሄንና የሰምና መቅደሶችም ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው በቤተ መዘክሩ ግቢ ተተከሉ። የፋራስ ካቴድራል ግን ግድግዳው ባዶ ሆኖ በውሃው ተዋጠ፤ ምእመናኑ የቆሙበት ወለል፥ ብርሃን የገባበት መስኮት አብሮ ጠፋ።

በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ቤተ መዘክሩ በውጊያው መካከል ወደቀ፤ ከቅርሱም ብዙው ተዘረፈ። ልስኑ ከመቈረጡ በፊት የተነሡት ፎቶግራፎችና በልክ የተሠሩት ንድፎች ግን እያንዳንዱ ሥዕል በየትኛው ግድግዳ ላይ፥ ከየትኛው ቅዱስ ጐን እንደ ነበረ ያሳያሉ።